ኢማም አቡ ሐኒፋ፦ የኩፋው የፊቅህ ሀለቃ እና መምህሩ

በ120 ዓመተ ሂጅራ (738 እ.ኤ.አ.) የኩፋው ታላቅ ዓሊም ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ወደ አኺራ በተሻገሩ ጊዜ፣ በከተማይቱ መስጂድ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩበት ስፍራ ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ። ደረሶቻቸው ሀለቃው እንዳይበተን ሰጉ። በመጀመሪያ የመምህራቸውን ልጅ በአባቱ ቦታ አስቀመጡት፤ ሆኖም የልጁ ልብ ከፊቅህ ይልቅ ወደ ግጥምና ወደ ጥንት ዐረቦች ታሪክ ያዘነበለ ሆኖ አገኙት። ሌላም ሰው ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ዓይናቸው ያረፈው ዐርባ ዓመት በሞላው አንድ የጨርቅ ነጋዴ ላይ ነበር። ነጋዴው ዕውቀቱ ባለቤት አጥቶ እንዳይሞት በመስጋት ጥያቄያቸውን ተቀበለ። ያ ሰው ኑዕማን ኢብን ሣቢት ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) በሚለው መጠሪያ ነው።

የዕውቀት ከተማ ልጅ

ኢማም አቡ ሐኒፋ የተወለዱት በ80 ዓመተ ሂጅራ (699 እ.ኤ.አ.) በኡመያዱ ኸሊፋ በዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ዘመን በኩፋ ነው። ቤተሰባቸው ዐረብ ያልሆነ፣ ከምሥራቅ የመጣ የነጋዴ ቤተሰብ ነበር። ልጁም የአባቱን ሙያ ወርሶ ከሐርና ከሱፍ የተሠራ ውድ ጨርቅ እየሸጠ አደገ። ሱቃቸው በኩፋ የታወቀ ነበር።

የተወለዱባት ከተማ ግን ከንግድ በላይ የዕውቀት ገበያ የደመቀባት ነበረች። ኩፋን በ17 ዓመተ ሂጅራ በኸሊፋው በዑመር ኢብኑል ኸጣብ ትእዛዝ የቆረቆሯት ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ናቸው። ዑመር ለአዲሲቱ ከተማ መምህር አድርገው የላኩት ከቀደምት ሰሓባዎች አንዱ የሆኑትን ዐብዱላህ ኢብን መስዑድን ነበር። በኋላም ኸሊፋው ዐሊይ መቀመጫቸውን ወደዚያው አዛወሩ (አላህ የሁሉንም ሥራ ይውደድላቸው)። የኢብን መስዑድን ዕውቀት ዐልቀማ፣ የዐልቀማን ኢብራሂም አን-ነኸዒይ፣ የኢብራሂምን ደግሞ ሐማድ ተረከቡ። ሐማድ የተቀመጡባት ያቺ የመስጂድ ስፍራ እንግዲህ በአንድ ሰው ያልተጀመረች፣ በአንድ ሰውም የማታበቃ የአደራ ወንበር ነበረች።

ወጣቱ ኑዕማን ወደዚህ ወንበር በቀጥታ አልመጡም። ከገበያ ወደ ዕውቀት እንዲያዘነብሉ መጀመሪያ የገፋፏቸው ብልህነታቸውን ያስተዋሉት የኩፋው ዓሊም አሽ-ሸዕቢይ እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያም በዐቂዳ ጉዳዮች ላይ በሚደረግ የክርክር ጥበብ ተጠመዱ፤ ልዩ ልዩ አንጃዎች በሞሉባት በበስራ ከተማ እየተመላለሱ ተከራከሩ፤ ስምም አተረፉ። ያንን መንገድ ያስቀየራቸው፣ ጥንታውያን የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የአንዲት ሴት ጥያቄ ነው። ሴትዮዋ ሚስቱን በሱናው ሥርዓት መፍታት የሚፈልግ ሰው እንዴት እንደሚያደርግ ጠየቀቻቸው። በትልልቅ የክርክር አደባባዮች የሚረቱት ወጣት ለዚህች ከሰው ቤት ለወጣች ጥያቄ መልስ አጡ። ወደ ሐማድ ሀለቃ ሄዳ እንድትጠይቅና የተሰጣትን መልስ ተመልሳ እንድትነግራቸው ለመኗት። ሴትዮዋም ጠይቃ ተመለሰችና ነገረቻቸው። በዚያው ጫማቸውን አንሥተው ወደ ሐማድ ሄዱ።

ስድሳው ጥያቄ

በሐማድ ዘንድ የቆዩት ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው። ዐሥር ዓመት ያህል እንደተማሩ ግን ነፍሳቸው የራሷን ሀለቃ ተመኘች። አንድ ምሽት ከመምህራቸው ተለይተው ለብቻቸው ሊቀመጡ አስበው ወደ መስጂድ ገቡ፤ የመምህራቸውን ፊት ባዩ ጊዜ ግን አላስቻላቸውም፤ እንደ ወትሮው ከጎናቸው ተቀመጡ። በዚያችው ሌሊት ሐማድ በበስራ የሚኖር ዘመዳቸው ማረፉንና ከእርሳቸው በቀር ወራሽ እንደሌለው ሰሙ። ሲጓዙም ኑዕማንን በቦታቸው አስቀመጡ።

ሁለት ወር ሙሉ ሰዎች እየመጡ ከመምህራቸው ሰምተዋቸው የማያውቁ ጥያቄዎችን ጠየቋቸው። እርሳቸውም እየመለሱ መልሶቻቸውን በጽሑፍ ያኖሩ ነበር። ሐማድ ሲመለሱ ጥያቄዎቹ ስድሳ ሆነው ቀረቡላቸው። መምህሩ በዐርባው ተስማሙ፤ በሃያው ግን ተለዩ። ኑዕማን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞት እስኪለያቸው ድረስ ከሐማድ ላለመራቅ ማሉ፤ መሐላቸውንም ጠበቁ። ከስድሳ ዐርባውን ማግኘት ለብዙ ሰው የኩራት ምክንያት በሆነ ነበር። እርሳቸው ያዩት ግን ሃያውን ነው፤ በሃያው ስሕተት የሌላ ሰው ገንዘብ፣ የሌላ ሰው ጋብቻ ያለ አግባብ ሊሄድ ይችል ነበርና።

ሀለቃው እንዴት ይሠራ ነበር

ኢማሙ በወንበሩ ከተቀመጡ በኋላ ያስተማሩበት መንገድ በዘመኑ ከተለመደው የተለየ ነበር። ሌሎች ዑለማዎች በአመዛኙ ይናገራሉ፣ ደረሶች ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ። በአቡ ሐኒፋ ሀለቃ ግን አንድ ጥያቄ ወደ መሐል ይጣላል፤ እያንዳንዱ ደረሳ ያለውን ማስረጃ ያቀርባል፤ ሌላው ይቃወመዋል፤ ድምፅ ከፍ እስኪል ድረስ ይከራከራሉ። አንዳንዴ አንዱ ጥያቄ ለቀናት ይቆያል። ኢማሙ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ የራሳቸውን አስተያየት ይሰጣሉ፤ የሀለቃው ሐሳብ ሲረጋ ብቻ ወደ መዝገብ ይገባል። ከደረሶቻቸው መካከል በዚህ ምክክር የተሳተፉት ዋና ዋናዎቹ ዐርባ ያህል እንደነበሩ ተዘግቧል። አንዱ በሐዲስ፣ አንዱ በዐረብኛ ቋንቋ፣ አንዱ በቂያስ፣ ሌላው በዝህድና በተቅዋ የታወቀ ነበር።

የፍርዳቸው ቅደም ተከተልም የተወሰነ ነበር። መጀመሪያ የአላህ ኪታብ፣ ቀጥሎ የነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሱና ይታያል። ከዚያ ሰሓባዎች ከተናገሩት ይመርጣሉ፤ ከእነርሱ ንግግር ወደ ውጭ አይወጡም። ጉዳዩ ወደ ታቢዒዮች ሲደርስ ግን እነዚያ እንደ መረመሩ እርሳቸውም ይመረምራሉ። ጽሑፍ በሌለበት ቂያስን፣ ቂያስ ወደ መከራ በሚያደርስበትም ኢስቲሕሳንን ይጠቀሙ ነበር።

ገና ያልተከሰተ ጉዳይንም አንሥተው ይመረምሩ ነበር። የበስራው ዓሊም ቀታዳ ወደ ኩፋ በመጡ ጊዜ አቡ ሐኒፋ ባሏ ለዓመታት ጠፍቶ፣ ሞቷል ተብሎ ሌላ አግብታ ሳለ የመጀመሪያው ባል ስለተመለሰባት ሴት ጠየቋቸው። ቀታዳ ጉዳዩ በእርግጥ ተከስቶ እንደሆነ ጠየቁ፤ አለመከሰቱ ሲነገራቸውም ያልሆነ ነገር መጠየቁን ነቀፉ። የአቡ ሐኒፋ መልስ ግን ፈተና ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት የዑለማ ግዴታ መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ቤቷ የፈረሰባት ሴት ደጃፍ ላይ ቆማ ዓሊሙ ያን ጊዜ ማሰብ እንዳይጀምር ነበር የፈለጉት።

ደረሶቹ ከመምህራቸው ጋር ባለመስማማታቸው አይቀጡም ነበር። ኢማሙ መሬትን ከሚገኘው ምርት በድርሻ ማረስ አይፈቀድም ሲሉ፣ ሁለቱ ታላላቅ ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ፈቀዱት። ኢማሙ ወቅፍ ባለቤቱን በራሱ አያስገድድም ሲሉ፣ ሁለቱ ያስገድዳል አሉ። ኢማሙ አእምሮው የተሟላን ጎልማሳ ገንዘቡን ስላባከነ ብቻ ከገንዘቡ ላይ ማገድን አልወደዱም፤ ሁለቱ ደግሞ ማገድ ይቻላል አሉ። በእነዚህ ጉዳዮች የኋለኞቹ የመዝሀቡ ዑለማዎች ፈትዋ የሰጡት በመምህሩ ሳይሆን በደረሶቹ ቃል ነው። የሐነፊይ መዝሀብ በአቡ ሐኒፋ ስም ቢጠራም፣ በውስጡ የተቀመጠው የአንድ ሀለቃ ሙግት ነው።

የሱቁ ትርፍ

ኢማሙ ከገዥዎች ስጦታ አይቀበሉም ነበር። ኑሯቸው ከሱቃቸው ነው፤ የሀለቃቸውም ኑሮ እንዲሁ። የዓመቱን ትርፍ ሰብስበው ለሐዲስና ለፊቅህ ሰዎች ቀለብና ልብስ ይገዙበታል፤ የተረፈውንም በጥሬው ያከፋፍላሉ። ሲሰጡም ገንዘቡ የእርሳቸው እንዳልሆነ፣ አላህ በእጃቸው ያደረሰው የተቀባዮቹ ሲሳይ እንደሆነ ይነግሯቸው ነበር።

በንግዱ የነበራቸው ጥንቃቄ የታወቀ ነው። የንግድ ሸሪካቸው ሐፍስ ኢብን ዐብዱረሕማን ጉድለት ያለበትን ጨርቅ ጉድለቱን ለገዢ ሳይናገር ሸጠ፤ ገዢውም ማን እንደሆነ አልታወቀም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የጨርቁን ዋጋ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት። በሀለቃው ስለ ሽያጭ ጉድለት የሚያስተምሩትና በሱቁ የሚሠሩት አንድ ነበር።

ከሁሉ በላይ ፍሬ ያፈራው ግን ለአንድ ድሃ ደረሳ የሰጡት ገንዘብ ነው። ያዕቁብ የተባለው ይህ ልጅ በኋላ አቡ ዩሱፍ ተብሎ የታወቀው ነው። አባቱ የእለት ጉርስ ፍለጋ ያስፈልገናል፣ አቡ ሐኒፋ ግን የሞላለት ሰው ነው ብሎ ከሀለቃው አስቀረው። ኢማሙ የልጁን መጥፋት አስተዋሉ፤ ጠየቁ። ሲመለስም ሰዎች እስኪሄዱ ጠብቀው መቶ ዲርሃም ያለበትን ከረጢት ሰጡት፤ ሲያልቅም እንዲነግራቸው አዘዙት። ልጁ ግን አንድም ጊዜ ማለቁን መናገር አላስፈለገውም፤ ከማለቁ በፊት ሌላ ይደርሰው ነበርና።

ይኸው አቡ ዩሱፍ ጎልማሳ ሲሆን መምህሩ በወጣትነታቸው የወደቁበት ፈተና ደረሰበት። ከበሽታ ካገገመ በኋላ፣ መምህሩ በሕመሙ ወቅት ስለ እርሱ የተናገሩትን ውዳሴ ሰምቶ ኖሮ፣ የራሱን ሀለቃ ዘረጋ። ኢማሙ ምንም አልተናገሩም። ሰው ላኩበትና ይህን አስጠየቁት፦ አንድ ሰው ልብስ አጣቢ ዘንድ ልብሱን ሰጠ፤ ሊወስድ ሲመጣ አጣቢው አልተቀበልኩም ብሎ ካደ፤ በኋላ ግን አጥቦ አስረከበው፤ ዋጋው ይገባዋልን? አቡ ዩሱፍ ይገባዋል ቢል መልእክተኛው ተሳስተሃል አለው። አይገባውም ቢልም ተሳስተሃል አለው። አቡ ዩሱፍ ወዲያው ወደ ኢማሙ ገሰገሰ። መልሱም እንዲህ ነበር፦ ከመካዱ በፊት አጥቦት ከነበረ ለባለቤቱ ነውና ያጠበው ዋጋው ይገባዋል፤ ከካደ በኋላ ካጠበው ግን ለራሱ አድርጎ ነውና አይገባውም። ደረሳው ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ሐማድ በሃያ ጥያቄ ያስተማሩትን ትምህርት አቡ ሐኒፋ በአንድ ጥያቄ አስተላለፉት።

ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ

የሀለቃው በር ለደረሶች ብቻ የተከፈተ አልነበረም። በኢማሙ ጎረቤት አንድ ጫማ ሰፊ ይኖር ነበር። ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይጠጣል፤ ሲሰክርም ወገኖቹ እንደ ጣሉት የሚያማርር ዘፈን እያንጎራጎረ ያመሻል። ኢማሙ በሌሊት ሶላት ላይ ሆነው ድምፁን ይሰሙታል። አንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ። ሲጠይቁ የሌሊት ጠባቂዎች ይዘው እንዳሰሩት ተነገራቸው። በማግስቱ ሱብሒን ሰግደው በቅሏቸውን ጭነው ወደ ገዥው ቤት ሄዱ። የገዥ ደጅ የማይረግጡት ዓሊም ሲመጡ አገረ ገዥው በክብር ተቀበላቸው፤ ጫማ ሰፊውንም ከእርሱ ጋር በዚያ ሌሊት የተያዙትንም ሁሉ ፈታ። ሲመለሱ ኢማሙ ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው በእርግጥ ጥለውት እንደሆነ ጠየቁት። ሰውየው አለመጣላቸውን መስክሮ አመሰገነ፤ ከዚያም ተውበት አድርጎ መጠጡን እንደተወ ይነገራል።

ያልተቀበሉት ወንበር

ወንበር የወረሱት ሰው፣ ሌላ ወንበር ባለመቀበላቸው ሕይወታቸውን ሰጡ። በኡመያዶች የመጨረሻ ዘመን የዒራቁ ገዥ ኢብን ሁበይራ ለሥልጣን ሹመት ጠራቸው። እምቢ አሉ። ገዥው በየቀኑ አስገረፋቸው፤ እርሳቸው ግን አልተበገሩም። ከዚያ ወደ መካ ሄደው አገር እስኪረጋ ድረስ በሐረሙ ጥግ ተቀመጡ። ዐባሳዶች ሥልጣኑን ከያዙ በኋላ ወደ ኩፋ ተመለሱ።

አዲሱ መንግሥትም ቢሆን እንዲሁ አልተዋቸውም። ኸሊፋው አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር አዲሲቱን ባግዳድን ከ145 ዓመተ ሂጅራ (762 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲገነቡ፣ ለዳኝነቱ ደግሞ የዒራቅን ታላቅ የፊቅህ ሰው ፈለጉ። ኢማሙን አስጠርተው ቃዲ እንዲሆኑ አዘዟቸው። ኢማሙ ለሹመቱ እንደማይበቁ ተናገሩ። ኸሊፋው ዋሸህ አሏቸው። ኢማሙም ኸሊፋው ራሳቸው ፈረዱ ማለታቸው ተዘግቧል፤ ዋሽቶ ከሆነ ውሸታም ለቃዲነት አይበቃም፣ እውነት ተናግሮ ከሆነም አይበቃም። ኸሊፋው እንዲቀበሉ ማሉ፤ ኢማሙም ላለመቀበል ማሉ።

ዳኝነት በሸሪዓ ታላቅ ዒባዳ መሆኑን ኢማሙ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የፈሩት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ባሉ ሰዎች ላይ መፍረድ የሚያስችል ነጻነት እንደማያገኙ ነው። ፍርድ ለባለ ሥልጣን ማገልገያ ከሆነ፣ በኩፋ መስጂድ ለሠላሳ ዓመት የተደረገው ሙግት ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ተገነዘቡ። በባግዳድ ታሰሩ። በ150 ዓመተ ሂጅራ (767 እ.ኤ.አ.) በሰባ ዓመታቸው እዚያው አረፉ። ጀናዛቸው የተሰገደበት ሕዝብ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ሶላቱ ስድስት ጊዜ እንደተደገመ ዘጋቢዎች ጽፈዋል። የተቀበሩትም ከባለቤቱ በግፍ ያልተነጠቀ መሬት ነው ብለው በመረጡት በኸይዙራን መቃብር ነው። በዚያው ዓመት በጋዛ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ እርሱም ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ነበር።

ከመምህሩ በኋላ

ሀለቃው ግን አልተበተነም። ዙፈር ኢብኑል ሁዘይል በቂያስ ጥልቀቱ የመምህሩን ቦታ ያዘ፤ በ158 ዓመተ ሂጅራም በበስራ አረፈ። ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ ሐዲስን፣ ዝህድንና ጂሃድን አጣምሮ ታወቀ። መምህሩ ሲሞቱ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል የነበረው ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒይ ትምህርቱን በአቡ ዩሱፍ ዘንድ ጨረሰ፤ ወደ መዲናም ሄዶ በኢማም ማሊክ ዘንድ ሦስት ዓመት ያህል ተማረ። የመዝሀቡን ዋና ዋና ኪታቦች የጻፈው እርሱ ነው፤ ስለ ሰላምና ጦርነት ሕግ የጻፋቸውም እስከ ዛሬ ይጠናሉ። ከእርሱ ከተማሩት አንዱ ያ በጋዛ የተወለደው ሻፊዒይ ሆነ።

አቡ ዩሱፍ ደግሞ መምህሩ እምቢ ያሉትን ሹመት ተቀበለ። በሦስት ኸሊፋዎች ዘመን ቃዲ ሆነ፤ የቃዲዎች ቃዲ ተብሎ ለመጠራትም የመጀመሪያው ነበር። ለሃሩን አር-ረሺድ በጻፈው ኪታቡል ኸራጅ ውስጥ ገበሬው ከአቅሙ በላይ እንዳይገበርና እስረኛ እንዳይበደል ኸሊፋውን በግልጽ ያሳስባል። መምህሩን የከዳ የመሰላቸው ነበሩ። ሆኖም በሞት አልጋው ላይ ያስጨነቀው ነገር የማን ደረሳ እንደነበረ ያሳያል። በአንድ ክርስቲያንና በኸሊፋው መካከል በተነሣ ክርክር ኸሊፋውን ከባላጋራው እኩል በአንድ ቦታ ባለማስቀመጡ እንደተጸጸተ ተዘግቧል። ፍርዱን በሐቅ ፈርዶ ሳለ፣ የአቀማመጡ ልዩነት ከዓመታት በኋላ አላስተኛውም።

ከዚህ ሀለቃ የወጣው መዝሀብ ከባልካን እስከ ሕንድ ተስፋፋ። በ1066 እ.ኤ.አ. በኢማሙ መቃብር አጠገብ፣ ዛሬ አዕዘሚያ በሚባለው የባግዳድ ሰፈር፣ መድረሳ ተሠራላቸው። የዑስማኒያ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀለት አል-አሕካም አል-ዐድሊያ የተባለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያዘጋጀው በዚሁ መዝሀብ ላይ ተመሥርቶ ነው።

በዘይለዕ በኩልም ሀለቃው የአፍሪቃ ቀንድን ነካ። ከዚያ ምድር መጠሪያቸውን የያዙት ዑስማን አዝ-ዘይለዒይ በካይሮ አስተምረው በመዝሀቡ ታላቅ ማብራሪያ ጻፉ፤ በ743 ዓመተ ሂጅራም አረፉ። ተከታያቸው ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒይ ደግሞ የመዝሀቡ ማስረጃ የሆኑ ሐዲሶችን ምንጭ የመረመሩበትን ነስቡር ራያን ትተው በ762 ዓመተ ሂጅራ አለፉ።

በኢትዮጵያም በወሎና በሌሎች አካባቢዎች ይህ መዝሀብ ከሻፊዒያው ጎን ለጎን ሲቀራ ኖሯል። በሐሪማው የተቀመጠ ደረሳ ቁዱሪን ሲከፍት የአቡ ሐኒፋን ቃል ያገኛል፤ ከሥሩም አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ከመምህራቸው የተለዩበትን ያገኛል። ሸይኹ ሁለቱንም ያቀሩታል፤ የትኛው በምን ማስረጃ እንደቆመም ይጠይቁታል። በኩፋ መስጂድ ወደ መሐል የተጣለው ጥያቄ፣ ከአሥራ ሁለት ክፍለ ዘመን በላይ ተጉዞ፣ ዛሬም በሐሪማው መሐል ይቀመጣል። አላህ ለኢማሙና ለደረሶቻቸው ሁሉ ይዘንላቸው፤ ከዕውቀታቸውም ይጥቀመን።